የሲስተር እርሳስ

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ አለበለዚያ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሌላ ሰው ጥፋት ሊመስል ይችላል። ተማሪዎቼ ከኋላዬ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ፊቴ ይቀያየራል፤ ወረቀቱን ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤ ባለቤቱም ሁለተኛ እኔ ቢሮ ላይደርስ ይምላል። የማጠናው ከባድ አስም ያለባቸውን ሰዎች ነው፤ በሽታው አእምሯቸውን ምን እንደሚያደርገው፣ አእምሯቸውስ በተራው ትንፋሻቸውን ምን እንደሚያደርገው። በዚህ ነገር ጽፌበታለሁ፣ አስተምሬበታለሁ፣ ማዕረግ አግኝቼበታለሁ። ሁሉም የተጀመረው አሰላ ውስጥ፣ አንዲት ነርስ በእርሳስ በጻፈቻቸውና እኔ ባስጠፋኋቸው ሁለት ፊደሎች ነው።

ነገሩ የተመለሰብኝ ባለፈው ዓመት ነው። ለአንድ መጽሔት የላክሁት ጽሑፍ ከገምጋሚ አስተያየት ጋር መጣ። ገምጋሚው ማን እንደሆነ አላውቅም። ጥያቄው ትሁት ነበር፤ እኔን ደግሞ ከስድብ ይልቅ ትሁት ጥያቄ ነው የሚያናድደኝ። የአርሲ ሕመምተኞች ጭንቀትና የትንፋሽ ማጠር አብረው እንደሚወጡና አብረው እንደሚወርዱ ጠቅሶ፣ የተለካው በእርግጥ ሁለት ነገር ነው ወይስ አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ነው ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ በር እያጋጨሁ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ ከቁም ሳጥኑ አናት የሳሙና ካርቶኑን አወረድኩት።

ካርቶኑ ከአሰላ ገበያ የመጣ ነው። ውስጡ በወጣትነቴ ያስሞላኋቸው መጠይቆች አሉ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሮቹ ኮምፒውተር ውስጥ ስላሉ ወረቀቶቹን ለማየት ምክንያት አልነበረኝም። አሁን አንዱን አነሳሁና ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጭንቀትን ከሚጠይቀው መስመር አጠገብ፣ ጠርዙ ላይ፣ በላጲስ የጠፋ ነገር አለ። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ትንሽ አዘንብሎ ለተመለከተው ሰው እርሳሱ የተጫነበት ጎድጓዳ ይታያል። ‹ደ› ይላል። የሚቀጥለው ‹ሆ› ይላል። የሚቀጥለውም ‹ሆ›። የሲስተር እጅ ጽሕፈት መሆኑን ለማወቅ መነጽሬን እንኳ ማድረግ አላስፈለገኝም።

ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ ሲወጣልኝ አሰላ የት እንደሆነች በካርታ ነበር የማውቃት። በክረምት ደረስኩ። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል፤ ጋሪውም ሚኒባሱም መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። ሆስፒታሉ ውስጥ የደረት ተመላላሽ ክፍል ላይ መደቡኝ። እዚያ ሲስተርን አገኘኋት። በዕድሜ እናቴን ትሆናለች። እዚያው አሰላ ጫፍ ተወልዳ ያደገች፣ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያፈራረቀች የምትናገር፣ ባሏ የሞተባት፣ ያልወለደች ሴት ናት። ቤት እንደምፈልግ ስትሰማ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል እንዳላት ነገረችኝ፤ በማግሥቱ ሻንጣዬን ራሷ ተሸክማ አስገባችው።

መጀመሪያ ላይ እርስዎ እላት ነበር። የታላላቆች ወግ ነው፣ ሌላ ምን እላለሁ። አንድ ቀን ግን ሻይ እየቀዳችልኝ፣ ‹‹እናትሽን እርስዎ ነው የምትያት?›› አለችኝ።

‹‹አይ፣ አንቺ ነው የምላት።››

‹‹እንግዲያው ተይኝ። እኔ ግቢ ውስጥ እያደርሽ እርስዎ ስትይኝ መሥሪያ ቤት ያለሁ ይመስለኛል።››

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ሆነች። እሷም ሰው ፊት ዶክተር፣ ግቢ ስንገባ ደግሞ ‹ኢንተላ ቲያ› ትለኛለች፤ ልጄ ማለት ነው። በየሳምንቱ ጩኮ ትሠራልኛለች፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ። በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞልታ ደጃፌ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሳትገባ ትጣራለች፣ ጉሮሮዋን ትስላለች፣ ‹‹አለሽ?›› ትላለች። መኖሬን እያወቀች። ይህን ‹አለሽ› የሚለውን ቃል ከሷ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ ያለኝ ሰው የለም።

የክፍላችን ሥራ ወቅት ነበረው። አዝመራው ደርሶ ኮምባይነር ወደ ማሳ ሲገባ አቧራው አገሩን ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ ከጢቾ፣ ከሮቤ፣ ከዲክሲስ ሕመምተኛ ይጎርፋል። አግዳሚው ላይ ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰብስበው የተቀመጡ ሰዎች። ሲስተር በመካከላቸው እየተዘዋወረች ሰላምታዋን ሳታሳጥር ትጠይቃለች፤ ቤት እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ። ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ስለ ከብት መጠየቅ ምን ይሉታል እያልኩ እነጫነጫለሁ። እሷ ግን እነዚያን መልሶች እያዳመጠች ማን ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ እንደሚጨርስ፣ ማን እንደሚቆራርጥ ትለይ ኖሯል። ይህ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በሦስተኛው ዓመቴ ላይ አዲስ አበባ ሥልጠና ሄጄ መጠይቅ ይዤ ተመለስኩ። አስም ብቻውን አይመጣም፣ ጭንቀትና ድብርት ይከተሉታል፣ እንለካው የሚል ነው። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ መጠይቅ የኮራሁበት ነገር አልነበረም። በአማርኛም በኦሮምኛም ተተርጉሟል፣ ተባዝቷል፣ ሣጥን ሣጥኑ ተሰምሮለታል። ሕመምተኞቹን የምታናግረው ሲስተር ናት፤ እኔ የምሰበስበው። አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠኋት፤ ጥያቄውን እንደተጻፈ ታነባለች፣ መልሱን አዎ ወይም አይደለም ላይ ምልክት ታደርጋለች።

ስሕተቱ አንዲት ቃል ውስጥ ነበር። ‹ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጭንቀት ተሰምቶዎታል?› ይላል ጥያቄው። በኦሮምኛው ‹ዲጲና› ብለነዋል። እኔ ሳነበው ስለ ሐሳብ ነው፤ ስለ ስጋት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት። አርሲ ላይ አስም የተነሳበት ሰው ግን ምን ይላል? በአማርኛ ‹ጨነቀኝ› ይላል። በኦሮምኛ ‹ነ ዲጲሳ› ይላል፤ አጠበበኝ ማለት ነው። ደረቱ የጠበበውም ኑሮው የጠበበውም በዚያው ቃል ነው የሚናገረው። እኔ አሰላ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው፣ ያንን ቃል በየቀኑ እየሰማሁ፣ አላስተዋልኩም። የተማርኩበት ቋንቋ ሁለቱን ለይቶ ስለሚጠራቸው ሕመምተኞቼም የሚለዩ መስሎኝ ነበር።

ሲስተር አስተውላለች። ደግሞም ትእዛዜን አላፈረሰችም። ጥያቄውን እንደተጻፈ ታነባለች፣ አዎ የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ከዚያ ዝም ብላ እጃቸውን ታያለች። ‹ጨነቀኝ› ሲሉ እጃቸው ወደ ደረታቸው ከሄደ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ‹ደ› ትጽፋለች። ወደ ሆዳቸው ከሄደ ‹ሆ›። ሆድ ያልኩት ምግብ የሚገባበትን አይደለም፤ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ የምንልበትን ሆድ ነው። በኦሮምኛም ‹ገራ› ሆድም ነው፣ ልብም ነው።

ወረቀቶቹን የሰበሰብኩ ዕለት ምልክቶቹን አየኋቸው። ደሜ ፈላ። ያ ሁሉ ንጹሕ ወረቀት ተሞነጫጭሮ ነው የታየኝ። መርፌ ክፍል ሄጄ ሕመምተኞች መሃል አገኘኋት።

‹‹ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?›› አልኳት።

ቀና አለች። ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው። ‹‹ዛሬ እርስዎ ሆንኩ?››

‹‹ይህ የጥናት ወረቀት ነው፣ ሲስተር።››

‹‹አውቃለሁ። እጃቸው የት እንደሚሄድ ነው የጻፍኩት። በአፋቸው አንድ ቃል ነው ያላቸው፣ እጃቸው ግን ይለያል።››

‹‹ለእጅ ቦታ የለንም። አዎ ወይም አይደለም ነው።››

‹‹ቦታ ስለሌለው እኮ ነው ጠርዝ ላይ ያደረግሁት፣ ኢንተላ ቲያ።››

መሥሪያ ቤት ውስጥ እንደዚያ ብላ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ልታለዝበኝ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ሰው ፊት የደፈረችኝ መሰለኝ። ላጲስ ከመሳቢያዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሁሉም ይጥፋ አልኳት። ከሥራ ሰዓት በኋላ ማዶና ማዶ ተቀምጠን፣ የካርቶኑን ግማሽ እሷ ግማሹን እኔ አጠፋን። ብናኙን በመዳፏ እየጠረገች እንደ ፍርፋሪ ትሰበስበው ነበር።

መሃል ላይ አንዱን ወረቀት ይዛ ቆመች። ‹‹ይህቺን ተይልኝ፣ የዲክሲሷን›› አለች።

የዲክሲሷን ሴት አውቃታለሁ። ገበያ ላይ እህል የምትሸጥ፣ ረዥም፣ አስሟ በጣም ከከበደባቸው አንዷ ነበረች። ለወራት ምንም ብናደርግ አልሻል ብሏት በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች።

‹‹ልጇ ዓረብ አገር ከሄደች ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው›› አለችኝ ሲስተር። ‹‹ልጅቷ ድምፅዋን ካጠፋች ቆይታለች። ኪኒን አትጨምሪባት። እባክሽ አስቀምጫትና ጠይቂያት።››

‹‹ምን ብዬ ልጠይቃት?››

‹‹ስለ ልጇ ነዋ።››

ወረቀቱን ከእጇ ቀማሁት። መቀማት ነው እንጂ መውሰድ አልለውም። ጠርዙን እስኪቀደድ በላጲስ ፈገፈግሁት። ‹ደ› ይሁን ‹ሆ› ልብ ብዬ አላየሁም፤ ሲስተር በአፏ ብትነግረኝም ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር ለማየት አልፈለግሁም። በሳምንቱ ሴትየዋ ስትመጣ የኪኒኑን መጠን ጨመርኩ። ከዚያም እንደገና ጨመርኩ። ያ ኪኒን ደረት ይከፍታል፤ ሲበዛና ሲቆይ ደግሞ ፊት ያሳብጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የከፋውን ሰው የባሰ ያስከፋዋል። ይህን አውቅ ነበር፤ ኋላም ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ነው። ሴትየዋ ፊቷ አብጦ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ሆኖ ሁለት ጊዜ መጣች። ከዚያ ቀረች። እኔም ካርዷ ላይ ‹ክትትል ያቋረጠች› ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የትምህርት ዕድል አግኝቼ አሰላን ለቀቅሁ። ከላጲሱ ቀን ወዲህ አንቺም እርስዎም ሳልላት፣ ስሟን ሳልጠራ፣ ዞር ዞር እያልኩ ነበር የኖርኩት። እሷ ግን እንደወትሮው ቆርቆሮውን በጩኮ ሞልታ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ‹‹ስትደርሺ ደውይ›› አለችኝ። ደርሼ ደወልኩ።

ከዚያ በኋላ የምትደውለው እሷ ሆነች፤ በአብዛኛው ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ። ስልኬ ላይ ‹ስብሰባ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ› የሚል የተዘጋጀ መልእክት አለ፤ በአንድ ጣት ይላካል። ስንት ጊዜ እንደላክሁላት አላውቅም። ጨርሶ ደውዬላት አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ የደወልኩት ግን ካርድ ፈልጊልኝ፣ የአንድ ሕመምተኛ አድራሻ አጣሪልኝ ለማለት ነበር። ፈልጋ ትነግረኛለች። ለምን ጠፋሽ ብላ አታውቅም። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ብቻ ‹‹አለሽ አይደል?›› ትላለች፤ ‹‹አለሁ›› እላለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ያንን ካርቶን ከፍቼ የተቀደደውን ወረቀት ሳገኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ሲስተርን መጠየቅ ነው። ስለ ሌሎቹ ምልክቶች ጎድጓዳው ይነግረኛል። የዲክሲሷ ወረቀት ግን ቀዳዳ ነው። ያቺ ሴት በእኔ ኪኒን ሞታ እንደሆነስ? ለዓመታት ያላሰብኩት ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ላዬ ላይ ወደቀ። በሲስተር ቁጥር ብደውል አይሠራም። አሰላ፣ ወደ ድሮው ክፍላችን ደወልኩ።

‹‹ሲስተርን ነበር የፈለግሁት›› አልኩ።

‹‹የትኛዋን ሲስተር?››

ማን እንደሆንኩና ማንን እንደምፈልግ ስልኩን ላነሳችው ወጣት ነርስ ነገርኳት። ‹‹ኧረ ዶክተር፣ እሷማ አኼራ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አልሰሙም?››

አልሰማሁም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ስልኬ አለመጮኹን አላስተዋልኩም ነበር። እንዲያውም ቢሮዬ ውስጥ የሚያቋርጠኝ ሰው ቀነሰ እያልኩ ደስ ብሎኝ ሠርቼ ይሆናል። እሷ ሞታ፣ እኔ የደወልኩት ስለ እርሳስ ነበር።

ናፈቀችኝ። ስትሞት ነው የናፈቀችኝ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ከዚያ በፊትም ትናፍቀኝ ኖሯል፤ እኔ ሌላ ስም ሰጥቼው ነበር እንጂ። ጉም በወረደ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ቆሜ የምሆነውን አጣ ነበር። ገብስ ሲቆላ ሲሸተኝ እናደድ ነበር። ሰው ደጃፌ ላይ ሳይጣራ ሲገባ ለምን እንደምጮኽ አሁን ገባኝ። ሌሎች ሰዎችን ለዓመታት ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ሐዘን ይሰማዎታል፣ ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር ደስ አልል ብሎዎታል፣ እያልኩ። ለራሴ አንድም ሣጥን ላይ ምልክት አላደረግሁም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አሰላ ሄድኩ። የሲስተር ግቢ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ታጥሯል፤ የእኔ ክፍል ፊት ለፊት የማላውቀው ሰው ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። አላንኳኳሁም። የት እንደተቀበረች ለመጠየቅም አፈርኩ። ሁለት ዓመት ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን ብሎ ነው የመቃብር ቦታ የሚጠይቀው? ከመናኸሪያው ቀጥታ የዲክሲስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

በግራ በቀኝ ያለው ማሳ ታጭዶ አልቋል፤ ከርቀት አንድ ኮምባይነር ብቻ አቧራውን እያስነሳ ይዞራል። ዲክሲስ ደርሼ በወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻ ለአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳየኋት። አነበበችና፣ ‹‹አሉ›› አለችኝ። ‹‹ደህና ናቸው?›› ብላት ‹‹አሉ እኮ ነው የምልዎት›› ብላ ሳቀች። እስከ በሩ ወሰደችኝና ‹‹ከአዲስ አበባ የመጡ ዶክተር ናቸው፣ ስለ አስም ሊጠይቁዎት ነው›› ብላ አስተዋውቃኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሴትየዋ በረንዳ ላይ ስንዴ እየለቀመች ነበር። አርጅታለች፤ ፊቷ ግን አላበጠም። አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍናለች። ስታየኝ ፈታችውና ሰላም አለችኝ፤ ሰላምታውን ሳታሳጥር፣ መንገዱን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን እየጠየቀች። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቴን ሳላይ መለስኩ። አላወቀችኝም። ያን ጊዜ ቀጭን ነበርኩ፣ ጸጉሬም ጥቁር ነበር።

‹‹ሻሹ ጥሩ ነው›› አልኳት። ‹‹ለአቧራው።››

‹‹ሲስተር ናት ያስለመደችኝ›› አለች። ‹‹አላህ ይርሐማት። አሰላ የነበረች ነርስ ናት።››

ከዚያ ይዤው የመጣሁትን ጥያቄ ጠየቅሁ። የዛሬ ብዙ ዓመት አሰላ ሲመላለሱ፣ ጨነቀኝ ሲሉ፣ ደረትዎን ነበር ወይስ ሆድዎን?

ስንዴውን ከሰፌዱ ላይ በጣቷ እየገፋች አሰበች። ‹‹ልጄ ስትጠፋ ገራዬ ይጠባል። እሱ ሲጠብ ደረቴ ይከተላል። ሐኪሞቹ ለደረቴ ኪኒን ሰጡኝ፣ ሰጡኝ፣ ፊቴ አበጠ። መሄዱን ተውኩት። ያን ጊዜ ሲስተር አድራሻዬን ይዛ እዚህ መጣች። በሰንበት፣ በሚኒባስ። የሚነፋውን መድኃኒት አመጣችልኝ፣ ኪኒኑን ቀስ እያልሽ ነው የምታቆሚው አለችኝ። ከዚያ ተቀመጠችና ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። በየወሩ ትመጣ ነበር፣ ጡረታ ወጥታም፣ እስክትታመም።››

‹‹ልጅዎስ?››

‹‹አለች። አልመጣችም። ግን ትደውላለች፣ ዓርብ ዓርብ።››

ልነሳ ይገባኝ ነበር። ልጠይቀው የመጣሁት ጥያቄ ተመልሷል፤ ሴትየዋ በሕይወት አለች፤ ያተረፋትም እኔ ያጠፋሁት ፊደል ነው። ሴትየዋ ግን ወሬዋን አልጨረሰችም።

‹‹ሲስተርም የሷን ታጫውተኝ ነበር›› አለች። ‹‹እሷም ልጅ ሄዳባታለች።››

‹‹ልጅ አልነበራትም›› አልኩ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

‹‹ነበራት። ‹ኢንተላ ቲያ› ነበር የምትላት። ሐኪም ናት፣ ግቢዋ ያደረች። አዲስ አበባ ሄደችና ጠፋችባት። እኔ የእኔን ስነግራት እሷ ደግሞ የእሷን፤ እንዲህ አድርጋ፣ ነ ዲጲሳ፣ ትለኝ ነበር።›› ሴትየዋ እጇን ከሰፌዱ አንስታ ሆዷ ላይ አደረገች። መዳፏን ዘርግታ፣ ጫን አድርጋ። ‹‹አትቀየሚያትም ወይ ስላት፣ ሥራ በዝቶባት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ስትሞት ያቺን ልጅ ለቅሶ ላይ በዓይኔ ፈለግኋት። አልመጣችም። አልነገሯትም ማለት ነው። ብትሰማ ትቀራለች?››

ስንዴው ውስጥ ያሉትን ጠጠሮች አየሁ። ለስንት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ንግግር ያደረግሁ ሰው፣ ድምፄ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

‹‹እኔ ነኝ›› አልኩ።

ሴትየዋ ለረዥም ጊዜ አየችኝ። ያን ጊዜ ኪኒኑን ያዘዝኩላት ዶክተር መሆኔንም አወቀች፤ ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ። እሷ ግን ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገችና ተነስታ እጄን ያዘች። ‹‹አላህ ሰብሩን ይስጥሽ›› አለችኝ። ወደ ቤት አስገብታ ምንጣፉ ላይ፣ ግድግዳውን አስደግፋ አስቀመጠችኝ፤ ሐዘንተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ። ከዚያ በሩ ላይ ወጥታ በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ተጣራች። ‹‹ኢንተልቲ ሲስተር ዱፍቴ›› ስትል ሰማኋት። የሲስተር ልጅ መጣች።

ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ገቡ። ሲስተር ወሩ በደረሰ ቁጥር ስትመጣ ያወቋት ሴቶች ናቸው። ማንም ለምን ዘገየሽ አላለኝም። ጫማቸውን አውልቀው፣ እጄን እየጨበጡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። ከሁሉ በዕድሜ የገፉት ጠጋ ብለው ጉልበቴን ነካ አደረጉኝና፣ ‹‹አከም ጅርታ፣ ልጄ? እንዴት ነሽ?›› አሉኝ።

ደህና ነኝ ልል ነበር። እጄ ግን ከአፌ ቀድሞ ሆዴ ላይ አርፏል።